የኮኮዋው ዱቄት ኪኒኑን ይተካል ወይ?

ከሁለት ወር በፊት እዚህ ሐዋሳ፣ በሲዳማ ባህል አዳራሽ ግቢ ባዛር ነበር። አዳራሹ ስብሰባና ምረቃ አያጣም፤ እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ጎራ እላለሁ። ከማሩ፣ ከቡናውና ከጥልፍ ልብሱ ማዶ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሽፈራው ዱቄት፣ ጥቁር አዝሙድና ዝንጅብል ተደርድሯል። ከመካከላቸው ቸኮሌት የሚሠራበት ኮኮዋ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ሻጩ ገና ወጣት ነው።

«እናቴ፣ ይሄ በዩኒቨርሲቲ የተረጋገጠ ነው። ልብ ያጠነክራል፣ ግፊት ያወርዳል፣ መርሳትን ይከላከላል» አለኝ።

«በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው ልጄ?»

«በውጭ አገር።»

ስቄ ላልፍ ስል ከኋላዬ «ሲስተር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል፣ ሥራ ላይ ሳለሁ ለዓመታት ግፊታቸውን የለካሁላቸው እናት ናቸው። ያንኑ ላስቲክ በእጃቸው ይዘዋል። «ይሄ ሁለተኛዬ ነው። ኪኒኑን ከተውኩት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ራሴን እንኳ አያመኝም» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

የደም ግፊት ክፋቱ ይኸው ነው፤ ራስ ሳያሳምም ይወጣል። ማታውን መለኪያዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። የላይኛው 178፣ የታችኛው 104። አሥር ደቂቃ አሳርፌ ብደግመውም ብዙ አልተለወጠም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ምሽት ነው።

እውነቱን ለመናገር ሻጩ ልጅ ጨርሶ አልዋሸም። በኮኮዋ ላይ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ደክመዋል። ነገሩ የገነነው የሃርቫርዱ ሐኪም ኖርማን ሆለንበርግ በፓናማ አጠገብ ባሉት የሳን ብላስ ደሴቶች የሚኖሩትን የኩና ሕዝቦች ካጠኑ በኋላ ነው። ደሴቶቹ ላይ የቀሩት ኩናዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ ግፊታቸው አብሮ አይጨምርም ነበር፤ ወደ ፓናማ ከተማ የሄዱት ዘመዶቻቸው ግን እንደ ማንኛውም ከተሜ ግፊት ይይዛቸዋል። ስለዚህ ነገሩ የዘር ሊሆን አይችልም። ልዩነቱ ሲፈተሽ የደሴቱ ሰዎች በየቀኑ ብዙ ኮኮዋ እንደሚጠጡ ታየ። እርግጥ የደሴት ሰው ዓሣም ይበላል፣ ጀልባም ይቀዝፋል፣ የከተማ ጭንቀትም የለበትም። ቢሆንም ተመራማሪዎቹ ዓይናቸውን ኮኮዋው ላይ ጣሉ።

በኮኮዋ ፍሬ ውስጥ ፍላቫኖል የሚባሉ ውህዶች አሉ። እነዚህ የደም ሥሮቻችን ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለውን ንጥረ ነገር በደንብ እንዲያመነጭ ያግዛሉ፤ በእሱ ምክንያት ሥሩ ላላ፣ ሰፋ ይላል፤ ደምም ሳይጨናነቅ ያልፋል። ፍላቫኖል በሻይ ቅጠል፣ በፖምና በወይንም ይገኛል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በኋላ ነው። ኮስሞስ የተባለው ጥናት በአሜሪካ 21,442 አረጋውያንን አሳተፈ። ግማሾቹ በየቀኑ 500 ሚሊ ግራም ፍላቫኖል ያለበት የኮኮዋ ካፕሱል፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት አስመሳይ ካፕሱል ወሰዱ፤ ማን የቱን እንደሚወስድ አያውቅም። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ከተከታተሏቸው በኋላ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ ስትሮክና መሰል ችግሮች ተደምረው በ10 በመቶ ቀነሱ፤ ይህ ግን በአጋጣሚም ሊሆን የሚችል ልዩነት ነው ተባለ። በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት በ27 በመቶ ቀንሷል፤ ይህኛው ተስፋ ይሰጣል፤ ግን የጥናቱ ዋና ጥያቄ አልነበረምና ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሌላ ጥናት ያስፈልገዋል ብለዋል። ካፕሱሉን የሰጠውና ከወጪው ከፊሉን የሸፈነው ማርስ የተባለው የቸኮሌት ኩባንያ መሆኑንም አንባቢ ይወቀው። ጥናቱን ውሸት አያደርገውም፤ እኔ ግን ጋባዡ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ድግስ መብላት አልወድም።

የመርሳቱም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሉበት ቡድን ከ3,500 በላይ አረጋውያንን ፈትኖ፣ የማስታወስ ችሎታቸው የተሻሻለው ቀድሞውኑ አመጋገባቸው ደካማ የነበረ፣ ፍላቫኖል ያነሳቸው ሰዎች መሆናቸውን አገኘ። ደህና ለሚበላው ብዙም አልጨመረለትም።

ከሁሉ በላይ ግን ከእነዚያ አረጋውያን አንዱንም «የሐኪም ኪኒንህን ተው» ያለው የለም። ካፕሱሉ በመድኃኒቱ ላይ ተጨመረ እንጂ በመድኃኒቱ ቦታ አልገባም።

ሌላው ደግሞ፣ ካፕሱሉ ውስጥ ያለውና ላስቲኩ ውስጥ ያለው አንድ አይደለም። ኮኮዋ ሲብላላ፣ ሲቆላ፣ ምሬቱንም ለማለዘብ በአልካሊ ሲታከም ፍላቫኖሉ እየጠፋ ይሄዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ለኮኮዋ ዱቄት ስለ ልብ ጤና እንዲጻፍ ሲፈቅድ፣ ዱቄቱ ቢያንስ 4 በመቶ ፍላቫኖል ይኑረው፣ ማስረጃው «በጣም ውስን» መሆኑም አብሮ ይጻፍ ብሎ ነው። ለተራው ኮኮዋና ለቸኮሌት አልፈቀደም። የእኚያን እናት ላስቲክ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት፤ ከይዘቱ ዝርዝር መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ነው። መጀመሪያ የሚጻፈው ደግሞ ከሁሉ የሚበዛው ነው።

በዚያ ላይ ከሙዝ ጋር እየመቱ ነበር የሚጠጡት። የሐዋሳ ሰው ጁስ ይወዳል መቼስ! በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው አነስተኛ ጥናት፣ የኮኮዋ ፍላቫኖል ከሙዝ ጋር ተመትቶ ሲጠጣ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን በ84 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የተላጠ ሙዝን የሚያጠቁረው ኢንዛይም ፍላቫኖሉንም ያበላሸዋል።

«የውጭውን ተዪው፣ የራሳችን ዕፅዋትስ?» የሚሉኝ አሉ። በኮንሶና በጋሞ የሽፈራው ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል፤ ደግ ምግብ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት የቅጠሉ ውሃ የጥንቸሎችን የደም ስኳር ዝቅ አድርጓል፤ ኃይሉ ግን ለስኳር ሕሙማን እንሰጠው ከነበረው ከግሊቤንክላማይድ ያነሰ ነበር። ጥሩ ጅምር ነው፤ ጥንቸል ግን ሰው አይደለችም። ስኳርን የሚያወርድ ነገር በስኳር ኪኒን ላይ ሲደረብ ደግሞ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ላብ በላብ አድርጎ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ለሐኪሙ ሳይነግሩ ዱቄቱን በብዛት መጀመር አይገባም።

ዕፅ እንዴት ወደ መድኃኒትነት እንደሚደርስ ለማየት የእንዶድን ታሪክ የሚያህል የለንም። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እናቶቻችን ለዘመናት በእጃቸው ሲያሹት የኖሩት ፍሬ ነው እንግዲህ! ሳይንቲስቱ ግን «እንዶድ ቢልሃርዝያን ያጠፋል» ብለው በላስቲክ አሽገው አልሸጡም። የሚገድለው ውህድ የቱ ነው፣ ስንት ይበቃል፣ ዓሣውንና ሰውንስ ምን ያደርጋል እያሉ ዓመታት ፈጁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚጫወቱ ልጆች ዛሬም ቢልሃርዝያ እንደሚይዛቸው ሳስብ፣ ሥራው ገና እንዳላለቀ ይሰማኛል።

ኮሶንም እናስታውስ። የኮሶ ትልን ማስወጣቱ እውነት ነው። በእኔ ልጅነት ግን ልኩ የጠጪው ወኔ ነበር፤ ከመጠን ያለፈው ደግሞ የዓይን ብርሃን ያጠፋ ነበር። ዛሬ ሁለት የታወቁ ኪኒኖች ያንን ሥራ ያለዚያ ሥቃይ ይሠሩታል።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። መለኪያውን ከክንዳቸው ፈትቼ ቡና እየጠጣን «እውነቱን ይንገሩኝ፤ ኪኒኑን ለምን ተዉት?» አልኳቸው። ኮኮዋው አልነበረም ምክንያቱ። «ሌሊት ሌሊት ደረቅ ሳል እያንፈራፈረኝ፣ ልጆቹንም እንቅልፍ ነሳሁ» አሉኝ። የሚወስዱት ኢናላፕሪል ነው። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ጀማሪ ነርስ ሁሉ ያውቀዋል። ሲቀየርም ሳሉ ይተዋል። ክትትል በሚያደርጉበት ቦታ ግን ለወራት ኪኒኑ ሲሰጣቸው «ያስልዎታል ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እሳቸውም ሐኪም ማስቸገር ነው ብለው ዝም አሉ። የባዛሩ ልጅ ግን ወንበር ስቦ አስቀምጦ፣ ሳላቸውንም፣ እንቅልፍ ማጣታቸውንም አዳምጧቸዋል። እኛ የጤና ሰዎች ያን ያህል ብናዳምጥ ኖሮ ዱቄቱን ባልገዙ።

በማግስቱ አብሬያቸው ሄድኩና ሳሉን ራሳቸው ተናገሩ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ወደ አምሎዲፒን ቀየረችላቸው፤ እግር ካበጠብዎት ደግሞ ዝም እንዳይሉ አለቻቸው። ኮኮዋውን ከወደዱት ስኳር የሌለበትን፣ ያለ ሙዝ፣ እንደ መጠጥ እንጂ እንደ መድኃኒት ሳይቆጥሩ ቢጠጡት እንደማልቃወም እኔም ነገርኳቸው።

ባለፈው ሳምንት ለካኋቸው፤ 138 በ84። ሳሉም ጠፍቷል። የኪኒኑ ብልቃጥ እንዳይረሳ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል። ኮኮዋው እንዴት ሆነ ብዬ ብጠይቃቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ያለ ስኳር እኮ ሬት ነው ሲስተር! ለልጅ ልጄ ሰጠኋት፣ እሷም ኬክ ጋገረችበት።»