ሐኪሙ «ቤት ሰላም ነው?» ሲል
ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ስለ አገራችን ፖለቲካ በሚጻፍበት ገጽ ላይ ይህን ርዕስ ያየ አንባቢ ይገረም ይሆናል። እኔም በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የማስተምረው ሌላ ነበር። ከተሰደድኩ በኋላ ግን እዚህ ኮሎምበስ በሐኪሞችና በወገኖቼ መካከል ለዓመታት አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁና ያየሁትን ልናገር።

በአሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይሉ በመውለድ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ሁሉ ስለ ባል ወይም ጓደኛ ጥቃት እንዲጠየቁ መክሯል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ አጭር ነው። በጥድፊያ ሲተረጎም «ቤት ሰላም ነው?» ይሆናል። ይህ እኮ ለእኛ ሰላምታ ነው! «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ሐኪሙም «ችግር የለም» ብሎ ይጽፋል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ተርጉሜአለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። «ባለቤትሽ ይመታሻል? ያስፈራራሻል?» ተብሎ በቀጥታ፣ ለብቻዋ፣ «ይህን ሁሉንም ሴቶች እጠይቃለሁ» ከሚል ቃል ጋር ሲጠየቅ መልሱ ይለያል።

ባል ራሱ ሲያስተረጉም ስላለው ነገር ምን እላለሁ! ሆስፒታሉ «አስተርጓሚ ይዘሽ ነይ» ሊላት እንደማይችል ግን ብዙዎቻችን አናውቅም፤ በነጻ ማቅረብ የእርሱ ግዴታ ነው።

ዝምታው ከአገር ቤት የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው ጥናት በቡታጅራ ባል ወይም ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ጥቃት ከደረሰባቸው ሁለት ሦስተኛው ያህል ለማንም ተናግረው አያውቁም።

እዚህ ሌላ ፍርሃት ይጨመራል፦ «ብናገር ፖሊስ ይመጣል፣ ወረቀቴም ይበላሻል»። በኦሃዮ ሕግ ሐኪሙ የጠረጠረውን ጥቃት በታካሚዋ መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት፤ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ግን ጥይት፣ ስለት ወይም ከባድ ጉዳት ሲኖር ነው። የዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት የሆነች ደግሞ በ1994ቱ ሕግ መሠረት ባሏ ሳያውቅ ራሷ ማመልከት ትችላለች። ይህን አስቀድሞ የሚያስረዳ ሐኪም ግን ጥቂት ነው።

እኔም እንቅፋት የሆንኩበት ጊዜ አለ። አንዲት እህት «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ባለቤቴን ያውቁታል» ብላ አቀረቀረች። ለሐኪሟ ነግሬ ከሌላ ግዛት አንዲት ሴት አስተርጓሚ በስልክ እንዲያመጡላት አደረግሁና ወጣሁ። ምን እንዳለች አላውቅም።

ብሔራዊው የስልክ መስመር 1-800-799-7233 ነው፤ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም ያቀርባል። ስትደውሉ «አምሃሪክ» ማለት ይበቃል።