የኮሚኒቲ ፋውንዴሽን ግራንት፦ መድረሳዎቻችንን የሚመልሳቸው ወረቀቱ ነው

ረመዳን በመጣ ቁጥር በአሜሪካ ከተሞች ባሉ መስጂዶቻችን ውስጥ በተራዊህ መሀል ያው ጥሪ ይሰማል፦ የቅዳሜና እሁድ መድረሳው ኪራይ፣ የኡስታዞቹ ክፍያ፣ የልጆቹ መጽሐፍ። ጀመዓው ይሰጣል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሰጪዎቹ ያው ሰዎች ናቸው፤ ታክሲ ነጂው፣ አረጋውያንን የምትንከባከበው እህት፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው። በዚያው ከተማ ውስጥ ለሰፈር ድርጅቶችና ለትምህርት ሥራ ተብሎ የተቀመጠ ሌላ ገንዘብ አለ። ወደዚያ የሚያመለክት መድረሳ ጥቂት ነው፤ ካመለከቱት መካከልም ሥራቸው ሳይታይ በወረቀት ጉድለት የሚመለሱ አሉ።

ኮሚኒቲ ፋውንዴሽን የአንድ ከተማ ወይም አካባቢ ሰጪዎች ገንዘባቸውን በጋራ የሚያስቀምጡበት ድርጅት ነው። ዋናው ገንዘብ ይቀመጣል፣ ከትርፉ በየዓመቱ የተወሰነው ለአካባቢው ድርጅቶች በግራንት መልክ ይሰጣል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ በ1914 በኦሃዮ ክሊቭላንድ በፍሬድሪክ ጎፍ ተቋቋመ። ጎፍ የባንክ ሰው ነበር። ሀብታሞች በኑዛዜ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ያሰሩት ገንዘብ፣ ጉዳዩ ዘመን ሲያልፍበት ለማንም ሳይጠቅም ሲቀር ያይ ነበር። ስለዚህ የከተማው ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ የጊዜውን ችግር እያየ እንዲመድበው አደረገ። በቀጣዩ ዓመት ሚኒያፖሊስ ተከተለች። የኛ ሰው በብዛት በሚኖርባቸው በሲያትል በ1946፣ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ደግሞ በ1973 ተመሳሳይ ፋውንዴሽኖች ተመሥርተዋል።

ለሙስሊም አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ስላገኙት መሬት ሲያማክሩ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዋናውን ይዘው ፍሬውን ሶደቃ እንዲያደርጉት ነው የመከሯቸው፤ ወቅፍ የምንለው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ የፋውንዴሽኖቹ ገንዘብ በአክሲዮንና በቦንድ ላይ የሚውል መሆኑ ነው፣ ቦንድ ደግሞ ወለድ አለበት። ከዚህ ምንጭ መቀበል ይቻላል ወይ የሚለውን ቦርዱ ከማመልከቱ በፊት ለዓሊሞች ያቅርብ፤ መልሱንም በቃለ ጉባኤ ያስፍር። ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚነሳ ክርክር ጀመዓ ይከፍላል።

ገንዘቡ የሚወጣው በሁለት በር ነው። አንዱ በግልጽ ማስታወቂያ፣ በማመልከቻና በውድድር የሚሰጠው ነው። ሌላው ሰጪው ራሱ ለማን እንደሚሰጥ ሐሳብ የሚያቀርብበት ፈንድ ሲሆን እ.ኤ.አ በ1931 በኒው ዮርክ የተጀመረ አሠራር ነው። በዚህኛው ብዙውን ጊዜ ማመልከቻ የለም፤ ሰጪው ሥራችሁን ካወቀ ፋውንዴሽኑን ወደ እናንተ እንዲልክ ይጠይቃል። ለልጆች የቤት ሥራ እገዛ የምትሰጡበትን ቀን ለጎረቤት ክፍት አድርጋችሁ እንግዳ መጥራት ከአሥር ገጽ ማመልከቻ የበለጠ ሊሠራ የሚችለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ፋውንዴሽን በአጠቃላይ የሚሰጠው ለግለሰብ ሳይሆን በግብር መሥሪያ ቤቱ፣ በአይ.አር.ኤስ፣ ዘንድ 501 ሲ 3 ተብሎ ለታወቀ ድርጅት ነው። የአሜሪካ ሕግ ለመስጂድና ለቤተ ክርስቲያን ሸክም አቅልሏል፤ ቅጽ ሞልተው ሳያመለክቱ ከግብር ነፃ ናቸው፣ ዓመታዊውን ቅጽ 990 የማስገባት ግዴታም የለባቸውም። ጥሩ ነው። ነገር ግን የፋውንዴሽኑ ሠራተኛ መጀመሪያ የምታደርገው ስማችሁን በአይ.አር.ኤስ የሕዝብ ዝርዝር ላይ መፈለግ ነው፤ ያላመለከተ መስጂድ እዚያ ላይገኝ ይችላል፣ የሚያሳየው የማረጋገጫ ደብዳቤም የለውም። ሕጉ ያደረገልን ማቅለያ እዚህ ቦታ ላይ እንቅፋት ይሆናል።

መውጫው አንድ ብቻ አይደለም። መስጂዱ ግዴታ ባይኖርበትም በፈቃዱ ቅጽ 1023 ሞልቶ ደብዳቤውን ማግኘት ይችላል፤ የማመልከቻው ክፍያ 600 ዶላር ነው። በ275 ዶላር የሚያልቅ አጭር ቅጽ መኖሩን የሰማ ሰው በየስብሰባው አይጠፋም፣ ግን ያ ቅጽ ለመስጂድና ለትምህርት ቤት አይፈቀድም። ሌላው መንገድ የትምህርቱን ሥራ የራሱ ቦርድና የባንክ ሒሳብ ያለው ድርጅት አድርጎ መለየት ነው። ለዚህ አቅም ካልደረሰ ደግሞ፣ ደብዳቤ ያለው ሌላ ድርጅት ገንዘቡን በስማችሁ ተቀብሎ እንዲያስተዳድር በውል መስማማት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ለአገልግሎቱ ይወስዳል። ለጀማሪ ይህ ሦስተኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

የተለየ ድርጅት ያቋቋመ አንድ ነገር አይርሳ፦ ዓመታዊ ገቢው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ እንኳ ቢሆን አጭሩን ቅጽ 990 ኤን በየዓመቱ በኢንተርኔት ማስገባት አለበት። በተከታታይ ሦስት ዓመት ካለፈው እውቅናው በራሱ ይሰረዛል። እ.ኤ.አ በ2011 በአንድ ጊዜ 275,000 ገደማ ድርጅቶች በዚህ መንገድ ተሰርዘዋል። የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ከቀድሞው ጸሐፊ ጋር የጠፋበት ቦርድ ይህ ይገባዋል።

ከዚያ የሚመጣው ምን እንጠይቅ የሚለው ነው። አብዛኞቹ ፋውንዴሽኖች ለአምልኮና ለሃይማኖት ትምህርት አይከፍሉም። ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ እገዛ፣ ለወጣቶች ሥልጠና፣ ለእናቶች የቋንቋ ክፍል፣ ለምግብ ባንክ፣ ልጆች አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ስልጥኛ ለሚማሩበት ክፍል ግን ሊከፍሉ ይችላሉ፤ ለማንኛውም የሰፈሩ ሰው ክፍት ከሆነ። እዚህ ላይ የሚያሰጋው የቁርኣኑን ክፍል ለመደበቅ የሚመጣው ፈተና ነው። መደበቅ አያስፈልግም። መድረሳው ቅዳሜ ለአምስት ሰዓት ተከፍቶ ሁለቱ የቤት ሥራ እገዛ ከሆኑ፣ የሁለቱን ሰዓት አስተማሪ ክፍያ፣ ኮምፒውተርና የኪራይ ድርሻ ጠይቁ፤ ቀሪውን ሦስት ሰዓት ጀመዓው ይሸፍናል፣ በበጀቱም ላይ ተለይቶ ይጻፋል። ለኮምፒውተር የመጣን ገንዘብ ለምንጣፍ ማዋል፣ ምንም ያህል ምንጣፉ ቢያረጅ፣ የውልም የአማናም ጥሰት ነው።

ለአገር ቤት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እነዚህ የውድድር ግራንቶች በተለምዶ ከፋውንዴሽኑ አካባቢ አይወጡም። ለደሴ ወይም ለጅማ መድረሳ የሚሰበሰበው በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው።

ግራንት ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመት ስለሚሰጥ የረመዳኑን መዋጮ አይተካም። ቋሚ የኡስታዝ ደመወዝ በእሱ ላይ ባይንጠለጠል ይመረጣል። ለመጀመር የሚፈልግ ቦርድ በዚህ ሳምንት የመስጂዱን ስም በአይ.አር.ኤስ ድረ ገጽ ላይ ባለው ዝርዝር ይፈልግ፤ ካገኘው በቀጥታ ወደ ከተማው ፋውንዴሽን ደውሎ የሚቀጥለው ማመልከቻ መቼ እንደሚከፈት ይጠይቅ፣ ካላገኘው ከላይ ካሉት ሦስት መንገዶች አንዱን ይዞ ለቀጣዩ ስብሰባ ይቅረብ።