ከሐይቅ እስከ ግሸን፣ ከእትዬ ኪኒና ጋር

ደሴን ለቀን ወደ ሰሜን ስንጓዝ እትዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክል ነበር። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። «ሳልሞት አንድ ጊዜ ግሸንን ልሳለም» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። የመስከረም 21ን ግፊያ ጉልበቷ እንደማይችለው ስለምናውቅ፣ ሕዝቡ ከተመለሰ በኋላ በጥቅምት እንሂድ ብለን ተስማማን። ልጇ መኪናውን ያዘ፤ እኔ ደግሞ የደም ግፊት መለኪያዬን ይዤ አብሬያቸው ተነሣሁ። ነርስነቱን በጡረታ ብተወውም ያቺ መሣሪያ ከቦርሳዬ አትጠፋም።

ጥቅምት ለዚህ አገር ጥሩ ወር ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፤ ማሳው ገና አልታጨደም። ከደሴ ተነሥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዋን ስሟን የሰጣት ውኃም ከዚያው አጠገብ፣ በተራሮች መካከል ተኝቶ ይገኛል።

የመጀመሪያውን ቀን ለሐይቁ ሰጠነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቅ የሆነው ቦታ 80 ሜትር ያህል ይደርሳል። ከእሱ ከፍ ብሎ ሐርዲቦ የሚባል ታናሽ ሐይቅ አለ፤ ውኃው ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ከሐይቅ ግን ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ አይታይም። በዳርቻው በእግር መሄድ፣ የውኃ ወፎችን ማየት፣ በጀልባ መቅዘፍ፣ ከዚያም ከውኃው የወጣ ቆሮሶ አስጠብሶ መብላት ይቻላል። ለልጆችም ለሽማግሌዎችም የሚሆን መዝናኛ ነው።

የእትዬ ልጅ ጀልባ ሲያይ ዘሎ ሊገባ ነበር። እኔ «ጃኬቱስ?» አልኩት። ተንሳፋፊ ጃኬት ማለቴ ነው። «ዋና እችላለሁ» አለኝ። በሥራ ዘመኔ ይህን ቃል ከሰመጡ ልጆች ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ «ዋና ይችል ነበር» ይላሉ። የደጋ ሐይቅ ውኃ ቀዝቃዛ ነው። ድንገት የወደቀበት ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ዋናተኛም ቢሆን ክንዱ ቶሎ ይዝላል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ጃኬት በሌለው ጀልባ አትሳፈሩ። ጠጥታችሁም አትሳፈሩ። ልጆች እጃችሁ በሚደርስበት ይቀመጡ። በጥልቁ ብቻ ሳይሆን በዳርቻውም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ቀንድ አውጣ በሚኖርበት፣ ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ በባዶ እግር መቆም ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄደ። እኔና እትዬ ከውጭ ቀረን፤ ገዳሙ ሴት አይገባበትም። ድሮ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እዚህ ገዳማቸውን አቋቁመው ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባሉ በነገሥታቱ ዘንድ ትልቅ ስፍራ ነበራቸው። ከጥንታዊ የብራና መጻሕፍቱ መካከል የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል የሚባለው ይገኝበታል። ልጁ ያየውን ሲነግረን እትዬ አማተበችና «የእኔስ ግሸን ላይ ነው» አለች።

ማታ ባረፍንበት ቤት እንደ ልማዴ መለኪያውን አወጣሁ። «እጅሽን ስጪኝ» አልኳት። «ምን ያደርግልሻል፣ ደህና ነኝ» አለች። በግድ ለካሁ። 178 በ104። ትንሽ አሳርፌ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

«እትዬ፣ ኪኒናሽን ወስደሻል?»

ዝም አለች።

«ስንት ቀን ሆነሽ?»

«አንቺ ልጅ፣ አታስጨንቂኝ። አምስት ቀን ነው። ቤት ትቼው ነው የመጣሁት።»

ምክንያቷን ቀስ በቀስ አወጣችው። የመጀመሪያው የጽጌ ጾም ነው፤ በጠዋት ኪኒና በውኃ መዋጥ ጾም የሚያስገድፍ መስሏታል። ሁለተኛው «ለቦታው ስል ጥቂት ቀን ብተወው ምን እሆናለሁ» የሚል ነው። ሦስተኛውን የነገረችኝ ልጇ ከወጣ በኋላ ነው። ከሁለቱ ኪኒናዎቿ አንዱ ሽንት ያበዛል፤ መኪና ውስጥ በየጊዜው «አቁሙልኝ» ማለት አፍራለች።

እውነቱን ልናገር፣ ተቆጣሁ። ዳገቱ ላይ ቢጥላትስ? ግን ቁጣዬ ወዲያው በራሴ ላይ ዞረ። ለብዙ ዓመት ሰው ኪኒናውን ለምን እንደሚያቋርጥ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው፣ የገዛ እህቴን ከመነሣታችን በፊት ያቺን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኋትም። የበረዶ ቀን የሚለበሰውን ካፖርትና ስንቁን ቆጥሬያለሁ፤ ኪኒናውን ግን አልቆጠርኩም።

የደረት ሕመም፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የአፍ መኮላተፍ እንዳለባት ጠየቅኋት። አንዱም የለባትም። አንዱ እንኳ ቢኖርባት ኖሮ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል እንመለስ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ለክተው፣ መርምረው፣ ያንኑ መድኃኒቷን አዘዙላት። ያለፈውን ለማካካስ ብላ ደራርባ እንዳትወስድም አስጠነቀቋት፤ ግፊት ድንገት ሲወርድም ሰው ይጥላል። ዳገት መውጣትን በተመለከተ የተሰጣት መልስ አጭር ነበር፦ «በዚህ ሳምንት አይሆንም።»

እትዬ አለቀሰች። ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ቡና ልንጠጣ ገባን። ቡና የምታፈላው ሙስሊም ሴት የእትዬን ዓይን አይታ ምን እንደሆነች ጠየቀች። ስነግራት «አብሽሪ እማማ» አለቻት። «እናቴም በረመዳን እንዲሁ ነበረች። ሐኪሙ የኪኒናውን ሰዓት ከሱሁርና ከማፍጠሪያው ጋር አስተካከለላት፤ ይኸው ጾሟንም አልፈታች፣ ጤናዋንም አላጣች።» እትዬ ስልኳን አውጥታ ለነፍስ አባቷ ደወለች። ከወዲያ የሰማሁት ሳቅና «ልጄ፣ መድኃኒት ጾም አይሽርም፤ ዋጪ!» የሚል ድምፅ ነው። አምስት ቀን የተሸከመችው ጭንቀት በአንድ ስልክ አለቀ።

ግሸን ባንወጣም ወደ ቤት አልተመለስንም። አምባሰልን በመኪናና በቀስታ እርምጃ አየነው። ውጫሌ ደርሰን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ስለተፈረመውና 17ኛው አንቀጹ የዐድዋን ጦርነት ስላስከተለው ውል ለልጁ ነገርነው። ስሙን በትምህርት ቤት ሸምድዶታል፤ ቦታው እዚህ መሆኑን ግን አላወቀም ነበር። የአምባሰል ገዥዎች «ጃንጥራር» ይባሉ ነበር። እቴጌ መነንም የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ በዚህ አገር ስም ይጠራል። ገደሉን፣ አምባውን፣ ከታች የሚታየውን እርሻ ቆሞ ያየ ሰው ዜማው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

በጥር ተመለስን። ከዚያ በፊት እትዬ በየቀኑ ጠዋት በሰፈሯ ዳገት ግማሽ ሰዓት ስትራመድ ከረመች፤ ግፊቷ ወርዶ ሐኪሟ «ቀስ ብለሽ ውጪ» ብሏታል። የሽንቱን ኪኒና መንገድ በምንሄድበት ቀን በስንት ሰዓት እንደምትወስደው ከእሱው ጋር ተማከረች። እኔም ልጇን በየሰዓቱ ሳትጠይቀው መኪናውን እንዲያቆም አዘዝኩት።

ግሸን በመስቀል ቅርጽ የተቀመጠ አምባ ነው። በዙሪያው ገደል ነው፤ መግቢያ በሩ አንድ ነው። ለዚህም ነው በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ እዚህ ይጠበቁ የነበረው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ከመንገሣቸው በፊት በዚህ አምባ ኖረዋል። የጌታ ግማደ መስቀል ያረፈው እዚህ ነው ብለው የሚያምኑ ምእመናን በየዓመቱ በመስከረም 21 ከመላው አገር ይተማሉ።

ዳገቱን ስንጀምር ለእትዬ አንድ ሕግ ብቻ ሰጠኋት፦ እየወጣሽ አውሪኝ። ሰው እየተራመደ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ፍጥነቱ በዝቷል፤ ይቁም፣ ይቀመጥ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥሙ አይሰማም፤ ስለዚህ በየዕረፍቱ ጥቂት ጥቂት ውኃ ጠጣች። እሷም የእናታችንን ወሬ እያወራችልኝ ወጣች። ወጣቶች አለፉን፤ «በርቱ እማማ» እያሉ አለፉን። ሰዓት አላየንም። በሩ ጋ ስትደርስ ከዘራዋን አስደግፋ ተንበረከከች፤ ለረጅም ጊዜ አልተነሣችም። እኔም የልብ ትርታዋን መቁጠር ትቼ አብሬያት ተንበረከክሁ።

ስንወርድ ጉልበቷ አመማት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ጉልበትን የሚጎዳው ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው። ዱላ ይዛችሁ፣ አጭር እርምጃ እየተራመዳችሁ፣ ሳትቸኩሉ ውረዱ።

እናንተም ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ወደዚህ አገር ስትነሡ፣ በመጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ከዚያው አካባቢ ሰው ጠይቁ። ቀጥሎ ኪኒናውን ከጉዞው ቀን በላይ የሚበቃ አድርጋችሁ፣ ከሻንጣ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳ አኑሩት፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጻፉ። የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ከረሜላ በኪሱ ይያዝ፤ መርፌ የሚወጋ ሰው ምግብ ሳይበላ ዳገት አይጀምር። ከሁሉ በላይ ግን አዛውንቶቻችሁን «መድኃኒትሽን ይዘሻል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው። «የሚያስቸግርሽ ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እህቴ አምስት ቀን መድኃኒቷን የተወችው አንድም ሰው ይህን ስላልጠየቃት ነው።

እትዬ አሁን ሌላ ዕቅድ አውጥታለች። ሐርዲቦን ማየት ትፈልጋለች። ልጇን «ኪኒናዬን ይዣለሁ፣ አንተ ጃኬቱን አትርሳ» ብላዋለች።