ጡረታ ወጥቼ ብስክሌቴን ያልሸጥኩበት ምክንያት

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት ሲባል የሰማ ሰው ከተማዋን ባያት ጊዜ ምክንያቱን ወዲያው ይረዳዋል። መሬቷ ሜዳ ነው፤ ዘንባባ የተተከለበት ሰፊ መንገድ አላት፤ ጠዋት ጠዋት ከጣና የሚነሳው ንፋስም ደስ ይላል። የፋብሪካው ሠራተኛ፣ መምህሩ፣ ተማሪውና የጤና ባለሙያው በብስክሌት የሚሄዱበትን ጊዜ በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች እናስታውሳለን። እኔም በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ወደ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነበር። አሁን ባጃጁ በዝቶ ብስክሌተኛው ቀንሷል። እኔ ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አልተውኩም። ልዩነቱ ዛሬ የምነዳው የምደርስበት ሥራ ኖሮኝ ሳይሆን መንዳቱን ስለምወደው ነው።

አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ በዚህ አትስማማም። «እማዬ፣ ያንን ብስክሌት ሽጪው፤ የባጃጁን ሒሳብ እኔ እልክልሻለሁ» ትለኛለች። ጎረቤቶችም «ሲስተር፣ በዚህ ዕድሜ ምን አስቸኮለዎት?» እያሉ ይስቃሉ። የጎረቤቶቼን ቀልድ ስቄ አልፈዋለሁ፤ የልጄን ስጋት ግን እንደ ዋዛ አላየውም። የምትፈራውን ነገር በሙያዬ አውቀዋለሁና። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ አጥንቷ እየሳሳ ይሄዳል። ስልሳን ያለፈች ሴት በጎኗ ብትወድቅ የዳሌ አጥንቷ ሊሰበር ይችላል። ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ መዋል ደግሞ የሳንባ ምችን፣ የደም መርጋትንና የመኝታ ቁስልን ያስከትላል። እንዲህ ያሉ ሕሙማንን አገላብጫለሁ፤ ቁስላቸውንም አጥቤአለሁ።

ታዲያ ለምን አልሸጥኩትም? ሌላውንም ወገን ስላየሁ ነው። ጡረታ በወጡ ማግስት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ያለ ደጋፊ ደረጃ መውጣት ያቃታቸውን ሰዎች ለግፊትና ለስኳር ክትትል ሲመጡ አውቃቸዋለሁ። እግር ካልሠራ ጡንቻው ይመነምናል፤ ጡንቻ ሲመነምን ሚዛን ይጠፋል፤ ሚዛኑን ያጣ ሰው ደግሞ መንገድ ሳይወጣ እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ቤት መቀመጥ ራሱ ከመውደቅ አያድንም።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨምርበታል። የእኔ ሒሳብ ቀላል ነው፦ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ። ብስክሌት የሰውነትን ክብደት መቀመጫው ስለሚሸከምለት ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይስማማል። በዚያው ምክንያት ግን አጥንትን የማጠንከር ጥቅሙ እንደ እግር ጉዞ አይደለም። ስለዚህ በቀሩት ሁለት ቀናት በእግሬ እሄዳለሁ።

የጠዋት ውሎዬ ይህን ይመስላል። ከመውጣቴ በፊት ጎማውን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ አያለሁ፤ የፊትና የኋላ ፍሬኑን እሞክራለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ካቴናውን በጨርቅ ጠርጌ ዘይት አስነካዋለሁ። ከዚያ የተረፈውን ደንበኛዬ ጎሚስታ ይሠራልኛል። ብስክሌቴ መሐሉ ዝቅ ያለው ዓይነት ስለሆነ በቀሚስም እወጣበታለሁ፣ በፍጥነትም እወርድበታለሁ። ብዙ ሰው መቀመጫውን ከልክ በላይ ዝቅ አድርጎ «ጉልበቴን አመመኝ» ይላል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዛችሁን አሳርፉበት፤ እግራችሁ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። ስትቆሙ የእግራችሁ ጣት መሬት መንካቱንም አረጋግጡ።

መንገዴ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ወደ ዓባይ ይወስደኛል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን መስመርም ስላለው እንደ እኔ ላለ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። እዚያ ወርጄ አምስት ደቂቃ ያህል ውኃውን አያለሁ። ዕድል ሲቀናኝ ጉማሬ ራሱን ብቅ ያደርጋል። የከተማው ሁኔታ የሚያሳስብ በሆነባቸው ቀናት ግን ከሰፈሬ አልወጣም።

ከልጄ ጋር ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ ሦስት ነገር ተስማምተናል። አንደኛ፣ በምሽት፣ በዝናብና ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት በሚጎርፍበት ሰዓት አልነዳም። ሁለተኛ፣ አደባባይና ቁልቁለት ሲደርስ ወርጄ እየገፋሁ አልፋለሁ። ወርዶ መግፋት ውርደት አይደለም። ሦስተኛ፣ ሄልሜት ሳላደርግ አልወጣም፤ ኪሴ ውስጥም ስሜ፣ የምወስደው የግፊት መድኃኒትና የልጄ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት አለ።

በጾም ወራት ምግብ ሳልቀምስ ስለምውል ጉዞዬን ወደ 20 ደቂቃ አሳጥራለሁ፤ ቀስ ብዬም እነዳለሁ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ግን በተለይ ተጠንቀቁ። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚወስድ ሰው ባዶ ሆዱን ብስክሌት ቢነዳ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ኪሳችሁ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ያዙ። ካላባችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ዓይናችሁ ከደበዘዘ ወዲያው ውረዱ፤ ጣፋጩን ወስዳችሁ ተቀመጡ። ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓትም ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ።

ክረምት ሲሆን የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ እኔ ጋ ይመጣል። ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ከነገርኩት ወዲህ አስፋልት ላይ ካልወጣሁ እያለ ያስቸግረኛል። እኔ ግን ከግቢና ከተሽከርካሪ ነፃ ከሆነ ሜዳ አላስወጣውም። በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ እጀታውን ቢችልም የሚመጣውን መኪና ፍጥነትና ርቀት በትክክል መገመት ገና አልቻለም። ሌላው የምናዘወትረው ነገር «ያድግበታል» ብለን ትልቅ ብስክሌት መግዛት ነው። ጫማና ካፖርት ሲሆን ያስኬድ ይሆናል። ብስክሌት ላይ ግን እግሩ መሬት የማይነካ ልጅ መቆም አይችልም። ሄልሜቱም ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ግንባሩ እንዳይራቆት ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይራቅ።

ልጅ ወድቆ ራሱን ከተመታ፣ ደም ባይፈሰውም በዓይናችሁ ተከታተሉት። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ያለ ሰዓቱ እንቅልፍ ከጣለው፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። «ይተኛና ይሻለዋል» አይባልም።

ልጄ «ሽጪው» ማለቷን እስከ ዛሬ አልተወችም። ለፋሲካ ስትመጣ ግን የኋላ መብራትና አንጸባራቂ ሰደርያ ይዛልኝ መጣች። እኔም ከእሷ ጋር በተስማማሁበት ደንብ ጸንቻለሁ። ዓይኔ ወይም ሚዛኔ እንደ ድሮው አለመሆኑን የተረዳሁ ቀን፣ ማንም ሳይነግረኝ ቁልፉን አስረክባለሁ።

ለዓመታት ብስክሌት ያልነካችሁ አያቶች፣ ይህን አንብባችሁ በነጋታው አስፋልት ላይ እንዳትወጡ አደራ። መጀመሪያ ግፊታችሁን ተለኩ፤ የደረት ሕመም ወይም ማዞር ካለባችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ከዚያም ባዶ ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ ሞክሩ። ወላጆቻችሁ ብስክሌት የሚነዱባችሁ ልጆች ደግሞ «ሽጡት» ከማለታችሁ በፊት በየት በኩልና በስንት ሰዓት እንደሚነዱ ጠይቋቸው፤ ፍሬኑንም ፈትሹላቸው።