የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ኑሮና ትምህርት

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ኑሮና ትምህርት ማለት አዲስ የገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ ሕንፃ እያደሩ፣ አብረው እየተመገቡና ተመሳሳይ ትምህርት እየተከታተሉ ዓመቱን በቡድን የሚያሳልፉበት አኗኗር ነው። በአንዳንድ አገሮች መኝታውንና ትምህርቱን ሆን ብሎ የሚያገናኘው ዩኒቨርሲቲው ነው። በኢትዮጵያ ግን መንግሥት ተማሪውን ይመድባል፣ መኝታና ምግብም ያቀርባል፤ መኝታ ክፍሉን የመማሪያ ቦታ የሚያደርጉት በአብዛኛው ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም የሚሠራው በዚሁ አሠራር ነው።

አመጣጥ

ተማሪና መምህር በአንድ ግቢ የሚኖሩበት ልማድ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ ኮሌጆች ለብዙ ዘመናት የቆየ ነው። በአሜሪካ ደግሞ አሌክሳንደር ማይክልጆን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከ1927 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የሙከራ ኮሌጅ አቋቁሞ ነበር። የኮሌጁ ተማሪዎች በአንድ ሕንፃ እየኖሩ በመጀመሪያው ዓመት ስለ ጥንታዊት አቴና፣ በሁለተኛው ስለ አሜሪካ ሥልጣኔ ያጠኑ ነበር። ኮሌጁ ቢዘጋም ሐሳቡ በኋላ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀባይነት አግኝቷል።

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተጀመረ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመኝታና የምግብ ወጪውን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ከተመረቀ በኋላ ለመክፈል ውል ይፈርማል።

ምደባና አቀባበል

የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈ ተማሪ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ምደባውን የሚያወጣው ግን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ አንድ የጎጃም ልጅ ድሬዳዋ፣ አንድ የድሬዳዋ ልጅ ደግሞ አርባ ምንጭ ሊደርሰው ይችላል። ዩኒቨርሲቲው በሚያወጣው የጥሪ ማስታወቂያ ተማሪው ከትምህርት ማስረጃዎቹ ጋር አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ጨርቅና የስፖርት ትጥቅ ይዞ እንዲመጣ ይጠየቃል። ከደጋ የመጣ ተማሪ ድሬዳዋ ሲደርስ ብርድ ልብሱ ብዙም እንደማያስፈልገው ቶሎ ይገባዋል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ስለተሰጠ፣ ብዙ ወጣቶች የዶርም ኑሮን የቀመሱት ገና ተፈታኝ ሳሉ ነው። በዚያው ዓመት የማለፊያ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ካላለፉት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው በማካካሻ (ሪሚዲያል) ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ተደርጓል።

ዶርም እንደ መማሪያ ቤት

አዲስ ተማሪ በግቢ ቋንቋ «ፍሬሽ» ይባላል። ዶርም ውስጥ ተደራራቢ አልጋና ሎከር ይሰጠዋል፤ ከማን ጋር እንደሚያድር ግን አይመርጥም። የሕንፃውን ሥርዓት ፕሮክተር ይከታተላል። ምግብ ከካፌ ይበላል፤ ወይም «ነን ካፌ» ሆኖ የምግቡን ገንዘብ በየወሩ ይቀበላል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ስለሆኑ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ቀርቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ ሒሳብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂና እንግሊዝኛ የሁሉም አዲስ ተማሪዎች ትምህርቶች ሆኑ። በዚህም ወደፊት መሐንዲስ የሚሆነውና የሒሳብ ባለሙያ የሚሆነው በአንድ ዶርም አንድ ሞጁል ያነባሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም ሌሊት ማብራሪያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይሆናል። ከሲኒየሮች የቆየ ፈተናና አጭር ማስታወሻ ይገኛል።

ይህ መረዳዳት የሚፈተነው በዓመቱ መጨረሻ ነው። ተማሪው የትምህርት ክፍል የሚመርጠው በውጤቱ ተወዳድሮ ስለሆነ፣ ማስታወሻውን ያካፈለው የዶርም ጓደኛው ተወዳዳሪውም ነው። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ ሊሰናበት ይችላል። እንዲያም ሆኖ አብሮ ማንበብ የቀጠለው ከገጠር ወይም ከሩቅ ለመጣ ተማሪ ሌላ ረዳት ስለሌለው ነው። ዘመድ የማያገኝበት ከተማ ውስጥ ሲታመም ክሊኒክ የሚወስደው፣ ገንዘብ ሲያልቅበት የሚያበድረው የዶርም ልጅ ነው።

ማኅበራትና አደረጃጀቶች

በ2000ዎቹ መንግሥት «1 ለ 5» የተባለ የጥናት አደረጃጀት በዩኒቨርሲቲዎች ዘርግቶ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን እንዲያግዝ የታሰበ ቢሆንም፣ ከፖለቲካ ክትትል ጋር በመያያዙ ብዙ ተማሪዎች አላመኑበትም። በፈቃደኝነት የሚቆሙት ማኅበራት የበለጠ ጸንተዋል፤ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤ፣ የሙስሊሞች ጀመዓና የፕሮቴስታንቶች ፌሎውሺፕ አዲስ ተማሪን ይቀበላሉ፣ ያስጠናሉ፣ ያስመርቃሉ።

ግጭትና የቃል ኪዳን ቤተሰብ

ያልተመረጠ አብሮ መኖር ፍርሃትንም ሊያመጣ ይችላል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ብሔርን መነሻ ያደረገ ግጭት ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ። በርካታ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪዎችን ከከተማው ነዋሪዎች ጋር የሚያገናኝ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። ተማሪው በበዓል ቀን የሚሄድበት ቤት፣ ሲቸገር የሚያማክረው ሰው አገኘ።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ማስተኛት ብቻውን ማኅበር እንደማይፈጥር ነው። አብሮ ማደርን አብሮ ወደ መማር የሚያሻግረው የጋራ ትምህርት፣ ሲኒየር፣ አማካሪ መምህርና በከተማው ውስጥ የሚታወቅ ቤት ሲኖር ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ ገበያ በሚሰሙባት ድሬዳዋ፣ አዲስ ተማሪ ከግቢው አጥር ውጭም የሚማረው ብዙ ነገር አለ።