ሥነ ምግባር ለብቻው ወይስ ከስሌቱ ጋር?

የምህንድስናና የሳይንስ ተማሪዎች ሥነ ምግባር ይማሩ ቢባል የሚቃወም እምብዛም የለም። አሥርተ ዓመታት ያስቆጠረው ክርክር ራሱን በቻለ ኮርስ ይሰጥ ወይስ በየሙያ ትምህርቱ ውስጥ ይግባ የሚለው ነው። ጥያቄው ጎልቶ በሚነሳባት አሜሪካ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ የሚሆን አደጋ አለ።

በ1981 እ.ኤ.አ. ካንሳስ ሲቲ በሚገኘው ሀያት ሪጀንሲ ሆቴል የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ የሁለተኛውና የአራተኛው ፎቅ መተላለፊያዎች ከጣሪያ በሚወርዱ ረጃጅም ዘንጎች ላይ በየራሳቸው ዳዶ ያርፉ ነበር። ለሥራ እንዲቀል ግን ዘንጉ ለሁለት ተከፈለና የታችኛው መተላለፊያ ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። በላይኛው ሥር ያለው ዳዶና የተቀመጠበት ብረት የሁለቱን ክብደት ተሸከሙ። ለውጡ በወጉ ሳይሰላ የመሐንዲስ ማኅተም አረፈበት። ኃላፊዎቹ መሐንዲሶች በሚዙሪ የሙያ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። «በሙያው ውስጥ ይግባ» ለሚሉ ይህ ሁነኛ የስታቲክስ የቤት ሥራ ነው፤ ተማሪው ጭነቱን ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሰላል፣ ከዚያም «አንተ ብትሆን ትፈርማለህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

«ለብቻው ይሰጥ» የሚሉት የጠፈር መንኮራኩሯን የቻሌንጀርን አደጋ ማንሳት ይችላሉ። በ1986 መንኮራኩሯ ልትመጥቅ ስትል፣ በዋዜማው ምሽት፣ የሮኬቱ ሠሪ የሞርተን ታይኮል መሐንዲሶች የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች በብርድ እንደሚደርቁ አስጠንቅቀው በረራው ይቆይ አሉ። አለቆቻቸው ሻሩት፤ በማግሥቱ 7 ሰዎች አለቁ። እዚህ ላይ ዕውቀቱ ነበር፤ የታጣው እምቢታ የሚደመጥበት መንገድ ነው። ይህን ማስተማር ጊዜና የሠለጠነ መምህር ይፈልጋል፤ ሁሉም ያስተምረው የተባለ ነገር ደግሞ ባለቤት ያጣል።

የአሜሪካ የምህንድስና ትምህርት መዛኝ ተቋም ተመራቂዎች የሥነ ምግባር ኃላፊነታቸውን እንዲያውቁ ያስገድዳል፤ መንገዱን ግን ለትምህርት ክፍሎቹ ትቶታል።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ምግባርና የዜግነት ኮርስ የሚሰጠው በአንደኛ ዓመት፣ ተማሪው ገና አንድም ነገር ሳይነድፍ ነው። ለምሳሌ በ2019 እ.ኤ.አ. ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁበት ቦይንግ 737 ማክስ፣ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፍቀው ሥርዓት የሚነሳው በአንድ ሴንሰር ንባብ ብቻ ነበር። ሴንሰሩ ቢሳሳት ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በአንደኛ ዓመት ቢነሳ ሰሚ የለውም። ቦታው ተማሪው መልሱን ማስላት የሚችልበት የከፍተኛ ዓመት ክፍል ነው።