ተጨማሪ መረጃ፦ ሽንኩርቱ ለምን ያለ ዘይት ይቁላላል?

የዶሮ ወጥ ጣዕም የሚወሰነው ዶሮው ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ያለ ቅቤና ያለ ዘይት ይጣዳል። ከክብደቱ 89 በመቶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ በራሱ ውሃ ይበስላል። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ያን ጊዜ በውስጡ ያለው ስኳር መቅላት ይጀምራል። የቁሌቱ ጣፋጭነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ድስቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታ ይጠፋል፣ ሽንኩርቱ ከሥር መያዝ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ውሃ ጠብ እያደረጉ በማማሰያ ማሸት ነው። ማጣደፍ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሽንኩርቱ ጥሬ የቀረ ወጥ በምንም ቅመም አይድንም።

በብዙ ቤት ቀጥሎ የሚገባው ንጥር ቅቤና በርበሬ ነው። የበርበሬው ቀይ ቀለምና የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ከውሃ ይልቅ በስብ በደንብ ይሟሟሉ፤ ስለዚህ ወጡ ሲደርስ ቅቤው ቀልቶ ከላይ ይንሳፈፋል። በ12 ብልት ተገንጥሎ በሎሚና በጨው የታጠበው ዶሮ የሚጨመረው ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ነው፤ የተቀቀለው እንቁላል ደግሞ በመጨረሻ፣ ወጡ እንዲዘልቀው በቢላ ጫር ጫር ተደርጎ።